የአናጢው ልጅ ቫን ደር ዋልስና የጋዞች ምሥጢር

በወጥ ቤት የሚያገለግለውን የቡታጋዝ ሲሊንደር አንሥቶ የነቀነቀ ሰው በውስጡ አንዳች ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ይሰማዋል። በሆስፒታል ለሕመምተኛ የሚቀርበውን የኦክሲጅን ሲሊንደር ግን ቢነቀንቁት እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። ሁለቱም ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ጋዝ በግፊት ታምቆ የገባ ነው፤ እንዲያውም የኦክሲጅኑ ግፊት ከቡታጋዙ እጅግ ይበልጣል። ታዲያ ጥቂት የተጨመቀው ፈሳሽ ሲሆን ብዙ የተጨመቀው ስለ ምን ጋዝ እንደ ሆነ ቀረ? ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ ያገኘለት ሰው ላቲንና ግሪክ ባለማወቁ የዩኒቨርሲቲ ፈተና እንዳይቀመጥ ተከልክሎ የነበረ አንድ የሆላንድ አስተማሪ ነው። ስሙ ዮሐንስ ዲደሪክ ቫን ደር ዋልስ ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን የእርሱን ሕይወትና ሥራ ይመለከታል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ቫን ደር ዋልስ የተወለደው ኖቬምበር 23 ቀን 1837 ዓ.ም. ላይደን በምትባል የሆላንድ ከተማ ነው። አባቱ አናጢ ሲሆን ከወለዳቸው አሥር ልጆች የመጀመሪያው እርሱ ነበረ። ላይደን ከ1575 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ሆኖም በዚያ ዘመን የአናጢ ልጅ ዩኒቨርሲቲውን በውጭ ከማየት በቀር ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። ለመግባት ላቲንና ግሪክ ማወቅ ግዴታ ነው፤ እነዚህን ቋንቋዎች የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ልጆች የተመደቡ ያህል ነበሩ። ስለዚህ ዮሐንስ የሠራተኛ ልጆች የሚማሩትን ትምህርት በ15 ዓመቱ ጨርሶ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆኖ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው የብዙ ዓመት ታሪኩ የፈተና ታሪክ ነው። ከ1856 እስከ 1861 ዓ.ም. ድረስ እያስተማረ ሲማር ቆይቶ መጀመሪያ የመምህርነትን፣ ቀጥሎም የርእሰ መምህርነትን ማስረጃ ተቀበለ። በ1862 ዓ.ም. በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ትምህርት ለመስማት ጀመረ። ለመስማት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ የሚመጣ ሰው በዓመት እስከ አራት የሚደርስ ትምህርት ተቀምጦ እንዲከታተል ይፈቅድ ነበር፤ ለፈተና ቀርቦ ማዕርግ መቀበል ግን ላቲንና ግሪክ ለማያውቅ ሰው የተከለከለ ነበረ። ቀን በቢሮ ውለው ማታ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚያመሩ አንባቢዎቻችን የዚህን ሰው ኑሮ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ሊነግሩን ይችላሉ። ይሁን እንጂ የማታ ተማሪ በመጨረሻ ዲፕሎማውን ተስፋ ያደርጋል፤ ቫን ደር ዋልስ ግን በዚያን ጊዜ ይህ ተስፋ እንኳ አልነበረውም።

በ1863 ዓ.ም. የሆላንድ መንግሥት ለንግድና ለኢንዱስትሪ ሥራ የሚሆኑ ወጣቶችን የሚያዘጋጅ አዲስ ዓይነት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን ያስፈልጉ ስለ ነበረ ቫን ደር ዋልስ ርእሰ መምህርነቱን ሳይለቅ በትርፍ ጊዜው ሁለት ዓመት አጥንቶ ፈተናውን አለፈ። በ1865 ዓ.ም. ዴቬንተር በምትባል ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ወደዚያ ከመሄዱም ጥቂት ቀደም ብሎ 18 ዓመት የሆናትን አና ማግዳሌና ስሚትን አገባ። በሚከተለው ዓመት ወደ ዘ ሄግ ተዛወረ። ዘ ሄግ ከላይደን ብዙ ስለማትርቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው መመላለስ እንደ ገና ተቻለው። በዚህ መካከል ሕጉ ተሻሽሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከላቲንና ከግሪክ ግዴታ ነጻ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተ፤ እርሱም ሳይውል ሳያድር ፈተናዎቹን ተቀምጦ አለፈ። ሕጉ ሳይሻሻል በፊት ስንት እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በዚያው ደጃፍ ቀርተው ይሆን? ይህን የሚናገር መዝገብ የለም።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በ1662 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መሠረት አንድ ጋዝ ሙቀቱ ሳይለወጥ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ይዘቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ሕግ ለማንኛውም ጋዝ በመጠነኛ ግፊት ጥሩ ሆኖ ያገለግላል። ግፊቱ ሲበረታ ግን እየሳተ ይሄዳል፤ ጋዙ ወደ ፈሳሽነት በሚቀርብበት ጊዜማ ፈጽሞ አይሠራም። በ1869 ዓ.ም. ደግሞ በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ያስተምር የነበረው ቶማስ አንድሩስ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አስገራሚ ነገር አስታወቀ። ጋዙ ከ31 ዲግሪ በታች ሳለ ቢጨመቅ በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ከታች፣ ጋዙ ከላይ ሆነው በመካከላቸው ግልጽ ድንበር ይታያል። ከ31 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢጨመቅ ያ ድንበር አይታይም፤ ጋዙ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ አሁን ፈሳሽ ሆነ የሚባልበት ደቂቃ የለውም። ይህ የሙቀት ልክ የጋዙ ወሳኝ ሙቀት ተባለ። ነገሩ በዓይን ታየ፤ ምክንያቱን ግን የሚያስረዳ አልነበረም።

የዘ ሄጉ መምህር ጀርመናዊው ክላውዚዩስ በ1857 ዓ.ም. ስለ ሙቀት የጻፈውን ጥናት ሲያነብ፣ ሙቀት ማለት የጥቃቅን ሞለኪዩሎች እንቅስቃሴ ነው የሚለው ሐሳብ ልቡን ሳበው። ከዚያም ራሱን እንዲህ ሲል ጠየቀ። ጋዝ የሚሯሯጡ ሞለኪዩሎች ስብስብ ከሆነ ፈሳሽስ ከእነዚሁ ሞለኪዩሎች በቀር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጋዙና ፈሳሹ አንድ ነገር ከሆኑ አንድ ሕግ ለሁለቱም ሊበቃቸው ይገባል። ጁን 14 ቀን 1873 ዓ.ም. በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ ዶክተርነት የተቀበለበት ድርሰት ርእሱም ይኸው የጋዝና የፈሳሽ ሁኔታ ያልተቋረጠ አንድነት የሚል ነበረ። ዕድሜው 35 ዓመት ሆኖ ነበር።

በድርሰቱ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በአሮጌው የጋዝ ሕግ ላይ ሁለት እርማት ጨመረ። አንደኛው፣ ሞለኪዩል እንደ ነጥብ ባዶ አይደለም፤ የራሱ ግዝፈት አለው። ሰው የሞላበት አዳራሽ ሁሉም ወለል ለመራመጃ እንደማይሆን ሁሉ ጋዙም ከያዘው ቦታ ሞለኪዩሎቹ ራሳቸው የሚወስዱት መቀነስ አለበት። ሁለተኛው እርማት የበለጠ ጥልቀት አለው። ሞለኪዩሎች እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ይሳሳባሉ። በአዳራሹ መካከል ያለውን ሰው ጎረቤቶቹ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚስቡት ወዴትም አያጋድልም፤ ግድግዳው አጠገብ የደረሰው ግን ከበስተኋላው ብቻ ስለሚሳብ ግድግዳውን የሚመታው ለዘብ ብሎ ነው። ጋዙ ሲጠቀጠቅ በግድግዳው አጠገብ ያሉት ይበዛሉ፤ ወደ ኋላ የሚስቧቸውም እንዲሁ ይበዛሉ። ስለዚህ ይህ ስበት ከግፊቱ ላይ የሚያጎድለው ጋዙ ሁለት እጥፍ በጠበበ ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ጋዝ ለክቶ ያገኘ ሰው በየትኛው ሙቀትና ግፊት ፈሳሽ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ማስላት ይችላል። አንድሩስ ያየው የ31 ዲግሪ ልክ ከስሌቱ ራሱን ችሎ ይወጣል።

የሁለቱ ሲሊንደሮች ነገርም በዚሁ ይፈታል። የቡቴን ሞለኪዩሎች ስበታቸው ጠንከር ያለ በመሆኑ ወሳኝ ሙቀቱ 152 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በቤታችን ሙቀት ጥቂት ግፊት ይበቃዋል። የኦክሲጅን ስበት ግን ደካማ ነው፤ ወሳኝ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 119 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ቀድሞ ካልቀዘቀዘ በቀር በ150 አትሞስፌር ቢታመቅም ጋዝነቱን አይለቅም።

ድርሰቱ የተጻፈው በሆላንድ ቋንቋ ነበረ። ይህን ቋንቋ ከአገሩ ውጭ የሚያነበው ሊቅ ጥቂት ነው። ቢሆንም የዘመኑ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1874 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ስለ ድርሰቱ ጽፎ ስሌቱን አንዳንድ ቦታ ነቀፈ፤ ጸሐፊውን ግን አመሰገነ፤ በዚህ ድርሰት ምክንያት የሆላንድን ቋንቋ ለመማር የተነሡ ተመራማሪዎች መኖራቸውንም በጨዋታ መልክ አነሣ። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን አለ? በ1881 ዓ.ም. የጀርመንኛው ትርጉም ሲወጣ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ ታወቀ።

በ1877 ዓ.ም. የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1880 ዓ.ም. ብዙዎች ከድርሰቱ ይልቅ የሚያደንቁትን ሁለተኛውን ታላቅ ሥራውን አወጣ። እያንዳንዱን ጋዝ በወል መለኪያ መለካት ትተን በየራሱ ክንድ ብንለካው፣ ይኸውም ሙቀቱን በራሱ ወሳኝ ሙቀት፣ ግፊቱንም በራሱ ወሳኝ ግፊት ብናካፍለው፣ ጋዞች ሁሉ በአንድ ሕግ የሚሄዱ ሆነው ይገኛሉ። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነው፤ ማንም ሰው ፈሳሽ አድርጎት የማያውቀውን ጋዝ ጠባይ፣ ጠባዩ ከታወቀው ከሌላው ጋዝ ተነሥቶ አስቀድሞ መናገር ተቻለ።

በሚከተለው ዓመት በ1881 ዓ.ም. ባለቤቱ አና በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ሞተች። ዕድሜዋ 34 ዓመት ብቻ ነበረ። ሦስት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ትታ ሄደች። ቫን ደር ዋልስ ሌላ ሚስት አላገባም። ማስተማሩን አላቋረጠም፤ ነገር ግን በዝናው ጫፍ ላይ የነበረው ሊቅ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ አሥር ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳያሳትም ቀረ። በ40ዎቹ ዕድሜው ውስጥ ያሉት እነዚህ ዓመታት ለአንድ ተመራማሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አንደፍርም። የበኩር ልጁ የቤቱን ኀላፊነት ተረከበች፤ ሁለተኛይቱ ጃክሊን የታሪክ መምህርና በአገሯ የታወቀች ባለቅኔ ሆነች፤ ሦስተኛይቱ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች፤ ወንድ ልጁም የአባቱን ስምና ሙያ ይዞ በ1908 ዓ.ም. በአምስተርዳም የአባቱን ወንበር ወረሰ። አባት ወደ ምርምሩ የተመለሰው በ1890 ዓ.ም. ሁለት የተቀላቀሉ ነገሮች ወደ ፈሳሽነትና ወደ ጋዝነት ስለሚለወጡበት ሁኔታ በጻፈው ጥናት ነው።

እርሱ ዝም ባለበት ዘመን ሥራው ዝም አላለም። በትውልድ ከተማው በላይደን ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሮፌሰር የሆነው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የቫን ደር ዋልስን ሕግ እንደ ካርታ ይዞ ብርድ የሚሠራበት ታላቅ ላቦራቶሪ አደራጀ። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ዲዋር በ1898 ዓ.ም. ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አድርጎ ነበር፤ ሳይረታ የቀረው ሂሊየም ብቻ ነበረ። ሂሊየም ታሪኩ ልዩ ነው። በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው በምድር ላይ ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነው። ስፔክትሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ሲበትነው በምድር ካሉት ንጥረ ነገሮች የማንም ያልሆነ አንድ ቢጫ መስመር ተገኘ። ዊልያም ራምሴ ያንኑ መስመር ከአንድ የማዕድን ድንጋይ በወጣ ጋዝ ውስጥ ያገኘው በ1895 ዓ.ም. ነበረ።

የሂሊየም አቶሞች ስበት ከሁሉ ያነሰ ነው። ካመርሊንግ ኦነስ በጥቂት የቀዘቀዘ ሂሊየም ላይ ልኬት አድርጎ በቫን ደር ዋልስ ሕግ ሲያሰላው ወሳኝ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለት ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ፣ በላይ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሆኖ አገኘው። ጁላይ 10 ቀን 1908 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሲቀድ ሥራ ተጀመረ። 75 ሊትር ፈሳሽ አየርና 20 ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጅን ለማቀዝቀዣ ተዘጋጅቶ ነበር። እስከ ማታ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቴርሞሜትሩ ግን መውረዱን አቁሞ በአንድ ቦታ ቆመ። ብርጭቆው ከበታቹ መብራት ሲበራበት የፈሳሹ ገጽ ወለል ብሎ ታየ፤ ሂሊየም ፈሳሽ ሆኖ ኖሯል። የተገኘው 60 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ፣ አንድ የቡና ስኒ የሚያህል ነው። ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች ያሉትን የኤም አር አይ መሣሪያዎች ማግኔት ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው ፈሳሽ ይኸው ነው።

በ1910 ዓ.ም. ቫን ደር ዋልስ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በስቶክሆልም ባደረገው ንግግር ሞለኪዩሎች በእውነት መኖራቸውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጠራጥሮ እንደማያውቅ በጥብቅ አስታወቀ። ይህ ዛሬ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ የሚያስገርም ነገር አይመስልም። ነገር ግን እርሱ ድርሰቱን በጻፈበት ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እንደ ኦስትቫልትና እንደ ማክ ያሉ ታላላቅ ሊቃውንት አቶምንና ሞለኪዩልን ለስሌት የሚመች ፈጠራ አድርገው ይመለከቱ ነበር፤ ኦስትቫልት ሐሳቡን የለወጠው በ1909 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር ግዝፈቱን ለክቶ በሒሳብ ውስጥ ማስገባት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ቫን ደር ዋልስ ማርች 8 ቀን 1923 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ በአምስተርዳም አረፈ።

ሲያርፍ አንድ ነገር ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር። ሞለኪዩሎች ስለ ምን ይሳሳባሉ? የኤሌክትሪክ ጫፍ የሌለው፣ ከሌላው ጋራ የማይዋሐድ እንደ ሂሊየም ያለ አቶም ጎረቤቱን በምን ይስበዋል? መልሱ የተገኘው በ1930 ዓ.ም. ፍሪትስ ሎንዶን ከሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ስሙ ከእንግሊዝ ዋና ከተማ ጋራ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። በአቶም ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ዕረፍት የላቸውም፤ አንድ አፍታ ወደዚህ ሲያዘነብሉ የጎረቤታቸውን ኤሌክትሮኖች ደግሞ አብረው ያናውጣሉ። ከዚህ ቅጽበታዊ መናወጥ ጥቂት ስበት ይወለዳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህ የስበት ጉልበት ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ስበቱ ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ቫን ደር ዋልስም ያየው የብዙ ቢሊዮን ሞለኪዩሎችን ድምር እንጂ የሁለቱን ብቻ አልነበረም።

የሁለቱን ብቻ ለማየት ያስቻለው እንደ ገና ያው ስፔክትሮስኮፕ ነው። የሃይድሮጅን ሞለኪዩል ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ብቻውን ሳለ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ዓይን የማያየውን ጨረር ውጦ አያስቀርም ማለት ይቻላል። የሂሊየም አቶምም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ዌልሽና ጓደኞቹ ጋዙን አምቀው ጨረር ሲያሳልፉበት ግን ጨረሩ ጎድሎ ወጣ። ሁለቱ በተጋጩበት በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሮኖቻቸው ስለሚዛቡ ለየብቻቸው የማይውጡትን ጨረር በአንድነት ይውጣሉ። የጎደለው ጨረር መጠንና ቅርጽ ሲመረመር ሞለኪዩሎቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንደ ነበረ፣ በምን ያህል ኀይል እንደ ተነካኩ ይታወቃል። ይህ በቤተ ሙከራ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሄርትስበርግ ዩራነስና ኔፕቱን ከተባሉት ፕላኔቶች በመጣ ብርሃን ውስጥ ሃይድሮጅንን የለየው በዚሁ ምልክት ነበረ፤ በ1979 ዓ.ም. በጁፒተር አጠገብ ያለፉት የቮየጀር መንኰራኵሮች በላኩት የኢንፍራሬድ ልኬትም የዚያ ፕላኔት የሂሊየም ድርሻ የተገመተው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሲጋጩ በሚያሳዩት ጠባይ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ማኬላርና ዌልሽ ቀዝቃዛ ጋዝ በረጅም ቱቦ ውስጥ አድርገው ሃይድሮጅን ከአርጎን ጋራ ለጥቂት ጊዜ ተያይዞ አብሮ ሲሽከረከር የሚያሳዩትን መስመሮች አገኙ። እንዲህ ያለው ጥንድ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የቫን ደር ዋልስ ሞለኪዩል ይባላል። ከሁሉ የከበደው ሁለት የሂሊየም አቶሞችን አጣምሮ ማግኘት ነበረ፤ አቶሞቹ ቀላል በመሆናቸው እንቅስቃሴያቸው ብቻውን ስበቱን ሊያሸንፈው ምንም አይቀረውም። ጥንዱ መኖሩ በአሜሪካ በሚኒሶታ በ1993 ዓ.ም.፣ በጀርመን በጌቲንገን ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ተረጋገጠ። ለመለያየት የሚበቃው ሙቀት የአንድ ዲግሪ ሺሕኛ ያህል ነው። በ2000 ዓ.ም. የጌቲንገን ተመራማሪዎች በለኩት መሠረት በሁለቱ አቶሞች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 5 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም በአንድ የሃይድሮጅን ሞለኪዩል ውስጥ ካሉት ሁለት አቶሞች ርቀት 70 ጊዜ ያህል ይበልጣል።